የስልክ ላይ ብር ዋጋ ያስወድዳል ወይ? ለአንድ የደሴ ባለሱቅ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ አጥብቋል፣ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎታል ሲባል እሰማለሁ። በሌላ በኩል ከተማው ሁሉ የሚከፍለው በስልክ ነው። ብር ሲታተም ቢያንስ ይቆጠራል። በስልክ የሚላላከውን ማን ይቆጥረዋል? ዋጋ እያስወደደ ያለው እሱ ይሆን እንዴ? ያ 15 በመቶስ እኔን የሚነካኝ በየት በኩል ነው? ብድር እንደሆነ አላገኝም። ያጠራቀምኳትም ዋጋ እያጣች ነው።»

ምላሽ፦ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። ስልክ ላይ ያለው ብር በራሱ ዋጋ አያስወድድም። መታየት ያለበት ገንዘቡ የሚፈጠርበት መንገድ ነው፤ በካሽ ተከፈለ በስልክ ተከፈለ ለውጡ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም አልልም። የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እሱን ቆይቼ አሳይዎታለሁ።

መጀመሪያ ብሩ ስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እንከተለው። አንድ ደንበኛ 5,000 ብር ካሽ ይዞ የቴሌብር ወኪል ጋ ይሄዳል። ወኪሉ ካሹን ይቀበላል፤ ከራሱ የስልክ ሂሳብ ደግሞ 5,000 ብር ወደ ደንበኛው ያሻግራል። ወኪሉ ያን ሂሳብ ያገኘው ቀደም ብሎ ባንክ ገንዘብ አስገብቶ ነው። ስለዚህ በደንበኛው ስልክ ላይ የታየው 5,000 ብር ባንክ ውስጥ አቻ አለው። ይህ በኩባንያው ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እንደ ቴሌብር ያሉትን «የክፍያ ሰነድ አውጪዎች» የሚገዛበት መመሪያ ያስገድዳል። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ በተለየ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ሊያበድረው ወይም አንቴና ሊተክልበት አይችልም። የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው።

«ማን ይቆጥረዋል?» ላሉት፣ እንዲያውም በደንብ የሚቆጠረው ይኸኛው ነው። ፍራሽ ስር የተቀመጠ ብር የት እንዳለ ማንም አያውቅም። መስከረም 2013 የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው የ200 ብር ኖት ሲመጣ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፦ ከባንክ ውጭ የተከማቸ ገንዘብ በዝቷል። የስልክ ብር ግን በየቀኑ ማታ ተደምሮ ከባንኩ ሂሳብ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

አሁን ወደዚያ ቦታ ልምጣ። ካሹ ከፍራሽ ስር ወጥቶ ባንክ ሲገባ ባንኩ ለማበደር አቅም ያገኛል። ገንዘብ የሚፈጠረው ማተሚያ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዘመናዊ ባንክ ዓለም አብዛኛው ገንዘብ የሚወለደው ብድር ሲፈቀድ ነው። ባንኩ ለአንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር ሲፈቅድ በነጋዴው ሂሳብ ላይ 1 ሚሊዮን ብር ይጽፋል። ያ ቁጥር ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ ግን ዱቄት ይገዛል። ስለዚህ ሰው ወደ ስልክ ክፍያ በገባ ቁጥር የባንኮች የማበደር አቅም ያድጋል። ማዕከላዊ ባንኩ ይህን ካላስተዋለና ብድሩን ዝም ብሎ ከለቀቀው ዋጋ ሊገፋ ይችላል። ያኔም ቢሆን ተጠያቂው ያለልክ የተለቀቀው ብድር ነው።

የፍጥነት ነገርም አለ። በካሽ ሲሆን አንድ መቶ ብር ከእርስዎ ሱቅ ወጥቶ ወደ ጅምላ ነጋዴው እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። በስልክ በአንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ጋ ዞሮ ይመለሳል። ያው መቶ ብር ብዙ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ዕቃው ሳይጨምር የብሩ ዙር ብቻ ከፈጠነ ዋጋ ላይ ጫና ይኖረዋል፤ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትም ይህን ይላሉ። በተግባር ግን ያው ፍጥነት ንግዱንም ያቀላጥፋል። ዕቃ ቶሎ ይመጣል፣ ለመንገድ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፣ ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መውረድ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ዋጋን ወደ ላይ ብቻ አይገፋም።

የኬንያን ነገር እንይ፤ ከቴሌብር 14 ዓመት ቀድመው ነው የጀመሩት። ኤም-ፔሳ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በ2011 የኬንያ የዋጋ ንረት ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ያን ጊዜ ስልኩን መውቀስ ቀላል ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ በስልክ መክፈል ለምዷልና። ነገር ግን ድርቅ ነበር፣ ነዳጅ ተወዶ ነበር፣ ሽልንጉ ወድቆ ነበር፣ ማዕከላዊ ባንኩም ወለዱን ረዥም ጊዜ ዝቅ አድርጎ ይዞት ነበር። በመጨረሻ ባንኩ ነቃና በጥቂት ወራት ውስጥ የፖሊሲ ወለዱን (ባንኮች የሚመሩበትን የማዕከላዊ ባንኩን ወለድ) ከ7 በመቶ ወደ 18 በመቶ አወጣው። በ2012 መጨረሻ ንረቱ ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ኤም-ፔሳ ግን በዚያ ዓመትም ማደጉን አላቆመም። የስልክ ብር የንረቱ ምንጭ ቢሆን ኖሮ አብሮ መውረድ ነበረበት።

ኬንያን ካነሳሁ አይቀር፣ ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያገኙትንም ልጨምር። ኤም-ፔሳ 194 ሺህ ያህል የኬንያ ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ ከአገሪቱ ቤተሰቦች 2 በመቶ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ላም ሲሞት ወይም ሰው ሲታመም ከናይሮቢ የሚላክ ገንዘብ በደቂቃ ስለሚደርስ ቤተሰቡ ምግብ አይቀንስም። ብዙ ሴቶችም ከእርሻ ወደ ንግድ ገብተዋል። እኔ ስለ ዲጂታል ክፍያ ሲወራ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እንዲህ ያለውን ለውጥ ነው። «ካሽ አልባ ኢኮኖሚ» የሚለው መፈክር ብዙም አይማርከኝም።

ወደ እኛ እንምጣ። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ዓመት ሲሞላው፣ ግንቦት 2014 ላይ፣ የዋጋ ንረቱ 37 በመቶ ደረሰ። ይህን ብቻ ያየ ሰው «አላልኳችሁም!» ሊል ይችላል። ግን ይቀጥሉ። ከዚያ በኋላ የቴሌብር ተጠቃሚ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ነዳጅ እንኳ በ2015 በስልክ ካልሆነ አይቀዳም ተባለ። ንረቱ ግን በ2017 ማብቂያ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ሁለቱ አብረው አልሄዱም።

ታዲያ ያን ጊዜ ያስወደደው ምን ነበር? ጦርነቱ ነበር፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ነጋዴ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ድርቅ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ስንዴና ዘይት አስወድዶ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ይሸፍን ነበር። እርስዎ «ብር ሲታተም» ያሉት ነገር ማለት ይሄ ነው። ማሽኑ ባይንቀሳቀስም ብሔራዊ ባንክ በመንግሥት ሂሳብ ላይ ቁጥር ይጽፋል። መንግሥት ያን ብር ለደመወዝና ለፕሮጀክት ያወጣዋል፤ ገበያው ውስጥ ዕቃ አልጨመረም፣ ብር ግን ጨመረ። ስልክዎ ላይ ካለው ብር ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ይህ መስመር ነው። በ2017 የበጀት ዓመት መንግሥት ይህን ቀጥታ ብድር ሳይወስድ፣ የጎደለውን የግምጃ ቤት ሰነድ (የመንግሥት የአጭር ጊዜ የብድር ወረቀት) እየሸጠ ሸፍኗል። ለንረቱ መርገብ ከወለዱ ይልቅ ይህ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ያ 15 በመቶ ደግሞ የመጣው ሐምሌ 2016 ነው። ከዚያ በፊት ብሔራዊ ባንክ የሚያነጣጥረው የገንዘቡን ብዛት ነበር። አሁን የገንዘቡን ዋጋ፣ ማለትም ወለዱን፣ ነው የሚይዘው። 15 በመቶው መሃል ነው፤ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ነጥብ ክፍተት አለው። ብር ያጠረው ባንክ ከብሔራዊ ባንክ በ18 በመቶ ይበደራል፤ ብር የተረፈው በ12 በመቶ ያስቀምጣል። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያም ጥቅምት 2017 ተከፍቷል። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ብሔራዊ ባንክ 15ቱን ከፍ ሲያደርግ ባንኮች ገንዘብ ይወደድባቸዋል፣ እነሱም ለነጋዴው ያስወድዱበታል፣ ነጋዴው ብድር ይቀንሳል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል።

ወረቀት ላይ ያምራል። ደሴ ላይ ግን እርስዎ ከባንክ አልተበደሩም። የእርስዎ ብድር ዱቤ ነው፤ እቁብ ነው፤ የዘመድ ብር ነው። የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ማንም 15 በመቶን አይጠይቅም። ስለዚህ የወለዱ ገመድ እርስዎ ሱቅ ሳይደርስ ይበጠሳል።

ይበጠሳል ስል ግን ምንም አይሰማዎትም ማለቴ አይደለም። ዱቤ የሚሰጥዎትን ጅምላ ነጋዴ ያስቡ። እሱ የባንክ ደንበኛ ነው። ባለፉት ዓመታት እሱን የያዘው ከወለዱ ይልቅ የብድር ጣሪያው ነው። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ከለከለ። በዚያ ሰሞን የዋጋ ንረቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። ዕቃው ሁሉ በሩብ ተወድዶ ብድሩ በ14 በመቶ ብቻ ካደገ፣ በተግባር ብድሩ ቀነሰ ማለት ነው። ጅምላ ነጋዴው ባንክ ሲሄድ «ጣሪያው ሞልቷል» ይባላል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ለእርስዎ የሚሰጠውን የወር ዱቤ ወደ ሳምንት ያሳጥረዋል። ወይም «በካሽ ካልሆነ ይቅር» ይላል። ከዚያ መደርደሪያዎ ይሳሳል፤ ገበያ ቀዘቀዘ ይላሉ። የገንዘብ ፖሊሲ ሱቅዎ የደረሰው በዚህ በር ነው። ማንም ግን ይህ የብሔራዊ ባንክ ውሳኔ ነው ብሎ አልነገረዎትም።

ጣሪያው ታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ፣ መስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደርጓል። የዱቤዎ ቀን ረዘም ብሎ ከሆነ ምክንያቱ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እኔ ጣሪያ የሚባለውን ነገር አልወደውም። ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ይቀጣል፤ ብድሩ ሲያጥር ደግሞ ባንኮች ትልልቁንና የሚያውቁትን ደንበኛ ያስቀድማሉ፣ ትንሹ ነጋዴ በር ላይ ይቀራል። ቢሆንም በዚያን ወቅት በወለድ ብቻ ንረቱን እናውርድ ቢባል ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ገመዱ ገና አልተዘረጋምና።

ዲጂታል ክፍያ ለገንዘብ ፖሊሲ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሰዉ ከካሽ ወደ ባንክና ስልክ በመጣ ቁጥር ወለዱ የሚነካው ሰው ይበዛል። ይህ ግን በስልክ ብድር ላይ አይሠራም፤ ይህን ትንሽ ላብራራው።

በ2014 ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»ና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር፣ «ሳንዱቅ» የሚባል ደግሞ የቁጠባ አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ባንኮችም ገብተውበታል። ለብድሩ መያዣ የለም፣ ፎርም የለም፤ ስልክዎን ነክተው ይበደራሉ። አዲስ ገንዘብ በስልክ ይፈጠራል ካልን የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ የባንክ ብድር ነውና። ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት ወለድ ሳይሆን በአገልግሎት ክፍያ መልክ ነው የሚቀርበው። ለምሳሌ 10,000 ብር ለአንድ ወር ወስደው 500 ብር ቢከፍሉ 5 በመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ ከደጋገሙት ግን በዓመት 60 በመቶ ነው። ኬንያ ውስጥ ኤም-ሽዋሪ የሚባለው የስልክ ብድር ለ30 ቀን 7.5 በመቶ ያስከፍል ነበር፤ በዓመት 90 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ብድር ላይ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከ15 ወደ 18 ቢያወጣው ማን ይሰማዋል? ማንም። ይህ ዓይነቱ ብድር በጣም ከበዛ የገንዘብ ፖሊሲው አዲስ ራስ ምታት ይገጥመዋል።

የውጭ ምንዛሪውን አልጠየቁኝም፤ ዘይት ስለሚሸጡ ግን ይመለከትዎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙዎቻችን ዋጋ ይፈነዳል ብለን ፈርተን ነበር። ዘይትና ሌላም ዕቃ ጨምሯል፤ ግን ዶላሩ የጨመረውን ያህል አልጨመረም። ብዙ አስመጪ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ዋጋ ሲያሰላ ስለነበር ሸማቹ ያን ጭማሪ ከፊሉን አስቀድሞ ከፍሎታል። ከሪያድና ከዋሽንግተን የሚላከው ገንዘብም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ለዓመታት የመላኪያ አፕ ሲተዋወቅ ነበር። ጥቁር ገበያው ከባንክ እጥፍ ገደማ ሲሰጥ ግን አፑን ማን ይነካዋል? እናቱ ጋ ብር የሚልክ ልጅ በእጥፍ የሚመነዝርለትን ያውቃል። ልዩነቱ ሲጠብ ነው ሕጋዊው መንገድ ትርጉም ያገኘው።

አንዳንድ ባለሥልጣን ካሽ በቶሎ ይጥፋ ሲል ደግሞ ናይጄሪያ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የናይራ ኖቶችን ቀየሩ። አሮጌው ኖት ተሰበሰበ፣ አዲሱ ግን በበቂ አልታተመም። በ2023 መጀመሪያ ሰው በየባንኩ በር ላይ ውሎ ያድር ጀመር። ሁሉም ወደ ስልክ ሲዞር መስመሩ ተጨናነቀና ክፍያው እየተንጠለጠለ ቀረ። መጋቢት ወር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሮጌው ኖት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይሠራል ብሎ እስኪፈርድ ድረስ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ከስረዋል። ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት አገር ካሽ ያስፈልጋል። እርስዎም ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ካሽ ከሳጥንዎ አይጥፋ።

አሁን ያጠራቀሟትን ብር እናስላት። 100,000 ብር አለ እንበል። መደበኛ የቁጠባ ሂሳብ ዝቅተኛው ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በዓመቱ 107,000 ይሆናል። ንረቱ 14 በመቶ ከሆነ ግን ዛሬ በ100,000 የሚገዙት ዕቃ 114,000 ይፈልጋል። ወደ 7,000 ብር ጎደለ። ስልክዎ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው ደግሞ ወለድ ስለማያገኝ ሙሉውን 14,000 ያጣል። ስለዚህ ቴሌብርን መክፈያ ያድርጉት፤ ማስቀመጫ አያድርጉት። ማታ ማታ ወደ ባንክ ያሻግሩ። ለስድስት ወር የማይነኩት ገንዘብ ካለ በጊዜ ገደብ ያስቀምጡት። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ በድርድር ነው፤ ባንኮች ብር ሲያጥራቸው ከ7 በመቶ በላይ ይሰጣሉ። ሳይደራደሩ አይፈርሙ፤ ሁለት ሦስት ባንክ ይጠይቁ። ወለድ የማይፈልጉ ከሆነ፣ የማይበላሽ ሸቀጥ ቀድሞ መግዛት ለባለሱቅ የኖረ ዘዴ ነው። ሳሙና ይቆያል፤ ዱቄት ግን ይነቅዛል።

ስለ ብድሩ የመጨረሻ ነገር። ብዙ ነጋዴ የቴሌብር የነጋዴ ሂሳብ ትቶ የደንበኛን ክፍያ በግል ቁጥሩ ይቀበላል። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግብሩን ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ግን ሲያሰሉ ሁለቱንም ጎን ይዩ። መያዣ ለሌለው ሰው ባንክ የሚያየው የገቢውን ታሪክ ነው፤ በግል ቁጥር የገባ ብር ደግሞ የዘመድ ስጦታ ይሁን ሽያጭ አይለይም። ግብርዎ በግምት የተሰላ ከሆነና ሽያጭዎ ከተገመተልዎ በላይ እንደሚሆን ካወቁ፣ ሂሳቡን ከመክፈትዎ በፊት የሂሳብ ባለሙያ ያማክሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን ይክፈቱት። የስድስት ወር ንጹሕ መዝገብ ይዞ ባንክ የሚገባ ባለሱቅና ባዶ እጁን የሚገባ ባለሱቅ እኩል አይታዩም፤ በተለይ የብድር ጣሪያው ላላ ባለበት በዚህ ጊዜ። በር ላይ ደግሞ የከፋይን ስልክ ስክሪን አይመኑ፤ የሐሰት መልእክት በዝቷል። ብሩ የገባው በእርስዎ የቴሌብር ሂሳብ ላይ ሲታይ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለም *127# ብለው ቀሪ ሂሳብዎን ያረጋግጡ።